ባት ቆመህ ወይስ ተቀምጠህ?

ዛሬ ጂም ውስጥ አንድ አዲስ ልጅ አሰልጣኙን ይዞ አለቀቀውም። "ባት የሚያወጣው የቱ ነው፣ ቆሞ የሚሠራው ወይስ ተቀምጦ?" አሰልጣኙ መልስ አልሰጠውም። ወንበር ላይ አስቀመጠውና "ባትህን ያዘው" አለው። ቀጥሎ "በል ተነስ፣ ተረከዝህን ከፍ አድርግ።" የልጁን ፊት ብታዩት! ቅድም ለስላሳ የነበረው ሥጋ እጁ ላይ ድንጋይ ሆነበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጎልቶ የሚታየው የባት ጡንቻ፣ ጋስትሮክኒሚየስ፣ የሚነሳው ከጉልበት በላይ ካለው የጭን አጥንት ስለሆነ ጉልበት ሲታጠፍ ይላላል። ተቀምጠህ ስትሠራ ሸክሙ በዋናነት ከሥሩ ላለው ሶሊየስ ይደርሳል። ለጀማሪ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ቆሞ የሚሠራውን ነው የምለው። ማሽን ባይኖር ደረጃ ይበቃል፤ ተረከዝን እስከ ታች አውርዶ ትንሽ ቆም ማለት፣ ከዚያ ሳይነጥሩ ቀስ ብሎ መውጣት።

"ጅሬን ድረስ ዳገቱን በእግሬ ብወጣስ?" አለ ልጁ። ሳቅን። እዚያ ኮረብታው ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየቱ ጥሩ ነው፣ ለትንፋሽም ጥሩ ነው፤ ዳገቱ ግን እንደ ብረት በየሳምንቱ ኪሎ አይጨመርበትም።

የጅማ ወጣት ደግሞ ደረትና ክንድ ላይ ወረፋ ይጠብቃል። የእኛ ጂም የባት ማሽን ጃኬት መስቀያ ከሆነ ቆየ።