«ጋሼ» የተባልኩ ቀን

ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ጠዋት ጀልባና ታንኳ ከጣና ሲመለስ ስንት ኪሎ ቀረሶ፣ ስንት አምባዛ፣ ስንት ነጭ ዓሣ እንደተያዘ እንመዘግባለን። ድሮ በወረቀት ነበር። ታብሌት ሲመጣ ቅጹን የማዘጋጀትና ሠልጣኞችን የመምረጥ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

አንድ ሰው አስቀረሁ። አንጋፋው መዝጋቢያችን 58 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። «ይሄ የእኛ የወጣቶቹ ነገር ነው፣ ፋዘር ይረፉ» አልኩ። እሳቸውን አልጠየቅኩም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ነጭ ዓሣው ሁሉ በአንድ ስም ተጠቅልሎ መጣ። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ከ10 በላይ ዝርያ ነው፤ አብዛኛው ሌላ ሐይቅ ውስጥ የለም። ክረምት ላይ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። የትኛው እየጠፋ እንደሆነ ካልለየን ምዝገባው ምን ይረባል? እሳቸው በአፉና በጭንቅላቱ ቅርጽ እየለዩ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይጽፉት ነበር። እኔ ቅጹን ሳዘጋጅ ያንን ጠርዝ ረሳሁት።

በዚያው ሳምንት አንድ የ20 ዓመት ተለማማጅ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ሚዛኑን እኛ እናነሳዋለን» አለኝ። 34 ዓመቴ ነው። ልጁ በወጉ ያደገ ነው፣ ያለኝም በክብር ነው። ግን ወጋኝ። ለምን እንደወጋኝ ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስል ዋልኩ። «ወጣት» የሚለውን ቃል እንደ መታወቂያ ይዤው ኖሬያለሁ። ከእሱ ማዶ ያለው ሁሉ ሌላ ሕዝብ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም ወደዚያው እየሄድኩ እንደሆነ አላሰብኩም።

የየል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ስለ ራሳቸው እርጅና በጎ አመለካከት የነበራቸው ከሌሎቹ 7.5 ዓመት ያህል የበለጠ ኖረዋል። ሳነበው ደነገጥኩ። ለአረጋዊ ያለኝ ንቀት ለካ ነገ እኔው ቤት ነው የሚያድረው።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ብትጠራኝ እኮ እመጣ ነበር» አሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ታብሌቱን ተቀበሉኝ። «እስቲ ፊደሉን አጉላልኝ።»

አጎላሁላቸው። የነጭ ዓሣውን ዝርዝር አንድ በአንድ እየነገሩኝ ጻፍኩ።