ሩጫዬ ከጨጓራዬ ቀድሞ ነገረኝ

አምስት ኪሎ ሜትር በ27 ደቂቃ እሮጥ ነበር። ሯጭ ሆኜ አይደለም፤ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ የማድር ሰው ነኝ። ግን በሰው አገር ከሥራና ከእንቅልፍ ተርፎ የራሴ የምለው ያቺ ሩጫ ብቻ ነበረች። ከፈረቃ ስወጣ ጫማዬን ቀይሬ እሮጣለሁ፤ ከዚያ ታጥቤ እተኛለሁ። ስሮጥ ማንም አያዘኝም፤ ቋንቋም አያስፈልገኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

ከዚያ ደቂቃው ይረዝምብኝ ጀመር። 29፣ 31፣ ቆይቶ 34። መንገዱ ያው ነው፤ ጫማውም ያው። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ እወጣው ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ግድግዳ መደገፍ መጣ። «ሰንፌያለሁ» አልኩ። መፍትሔ ያልኩትም ሩጫውን ማብዛት ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውን አምስት አደረግሁት።

ጉልበቴና ወገቤ ያመኝ ስለነበር ከሩጫ በፊት አንድ አይቡፕሮፌን እውጣለሁ። ፈረቃ ስገባ ሌላ። ሌሊቱ ሲከብድ ደግሞ ሦስተኛ። ሆዴ ሲሞላ መሮጥ ስለማልወድ የሩጫውን ኪኒን የምውጠው በባዶ ሆዴ ነበር። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነገር ነውና መድኃኒት ነው ብዬ እንኳ አልቆጠርኩትም። ከውኃ ጠርሙሴና ከፎጣዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነበር።

ጨጓራዬ ዝም አላለም። ከእንብርቴ ከፍ ብሎ፣ ከደረቴ አጥንት ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይቦረቡረኛል። ወተት ስጠጣ ለጊዜው ይተወኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ብሶ ይመለሳል። ሆኖም በእኛ ዘንድ ጨጓራ እንደ በሽታ አይቆጠርም። «አንተስ? እኔም አለብኝ፤ ብስጭት ነው» ይባባላል ሰው። እኔም አምኜ ተቀብዬው ነበር፦ ስደቱ ነው፣ ሐሳቡ ነው፣ የሌሊቱ ሥራ ነው። እናቴ በስልክ «ድምፅህ ደከመብኝ፣ ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ከሥራ አሁን ገብቼ ነው» እላታለሁ።

አንድ ሰሞን ሰገራዬ ጠቆረ። ሦስት ቀን አየሁት፤ ሦስቱንም ቀን ውኃ ለቅቄበት ወጣሁ። በአራተኛው ሌሊት ካርቶን ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ትከሻዬን ይዞኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቋንቋው ለሥራ ይበቃኛል እንጂ ለሕመም አይበቃኝም፤ ስለዚህ በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ድምፃቸው የትልቅ ሰው ነው፤ እናቴን ይመስላሉ። «ጨጓራ አለብኝ» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ እሱን በቁሙ ብተረጉመው ሐኪሟ አይገባትም። ያቃጥልሃል? ይቆርጥሃል? ስትበላ ይብሳል ወይስ ሲርብህ?» አሉኝ። ስንት ጊዜ «ጨጓራ አለብኝ» ብያለሁ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ሐኪሟ ስለ ሰገራዬ ጠየቀች። ዝም አልኩ። ወለሉ ላይ የተሳለውን ቢጫ መስመር ነው የማየው። አስተርጓሚዋ ትንሽ ጠብቀው «አትፈር። እኔ አላውቅህም፣ አንተም አታውቀኝም፤ ብቻ እውነቱን ንገራት» አሉኝ።

«እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። ይጣበቃል። ሽታውም ይከብዳል» አልኩ።

ሐኪሟ መጻፏን አቁማ ስልክ አነሳች። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛሁ።

እንዲህ ያለው ጥቁረት ደም ነው። ከጨጓራ የፈሰሰ ደም በአንጀት ውስጥ ሲያልፍ እየተፈጨ ይጠቁራል፤ ቀይ ሆኖ ስለማይታይ ሰው ደም ነው ብሎ አይጠረጥርም። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሜ ክፍል፣ ሲለካ 8.6 ሆነ፤ ለአዋቂ ወንድ ከ13 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። ደረጃው ላይ ያቆመኝ፣ ደቂቃውን ያረዘመብኝ ይኸው ነበር። ደም በጥቂት በጥቂቱ ሲፈስ ሰውነት እየለመደው ስለሚሄድ የሚታወቀው መጀመሪያ ጉልበት ሲጠየቅ ነው። ሩጫዬ ወር ሙሉ ሲነግረኝ ከርሟል፤ እኔ ስንፍና ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ነርሷ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። ኋላ ላይ ፎጣ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች አብረው ወደቁ። አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። ሰባት ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው የአሥር ፍሬ። ምንም አልተናገረችም፤ ሐኪሙን ጠራችው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንዶስኮፒ ተሠራልኝ። ጉሮሮዬን በሚረጭ ማደንዘዣ አደነዘዙት፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወረደ። ያስጨንቃል፣ ያስለቅሳል፣ ግን ደቂቃዎች ናቸው። የጨጓራዬ የታችኛው ክፍል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቁስል ተገኘ፤ ደግነቱ በዚያ ሰዓት መድማቱን አቁሞ ነበር። ከቁስሉ ዳር ትንሽ ናሙና ቆርጠው ወሰዱ፤ የጨጓራ ቁስል አንዳንዴ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። የእኔ አልነበረም። ናሙናው ግን ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ጨጓራ የራሱ አሲድ እንዳይበላው ውስጡን የሚሸፍን ዝልግልግ ንፍጥ አለው። ያንን መከላከያ ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሱት ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ሲቀንስ ጨጓራዬም ላይ ይቀንሳል። ባክቴሪያው ደግሞ በዙሪያው ያለውን አሲድ የሚያረክስ አሞኒያ እየሠራ ንፍጡ ውስጥ ይኖራል፤ ሽፋኑንም ያቆስላል። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ።

እዚያ አልጋ ላይ ስለ ባክቴሪያው ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሐኪሞችም ቁስሉን የሚያመጣው ጭንቀትና አሲድ ነው ይሉ ነበር። በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ባክቴሪያውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። የሚያምናቸው ሰው ስላነሰ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራው ተቆጣ፣ አስመለሰው፣ በምርመራም ባክቴሪያው ጨጓራው ውስጥ ተገኘ። በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ስደቴ አቆሰለኝ ብዬ ነበር የማምነው፤ ስደት ደግሞ በ14 ቀን መድኃኒት አይድንም። ጭንቀት ሕመሙን ያብሳል፣ ያንን አልክድም። ግን የእኔ ቁስል ስም ያላቸው ሁለት ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

ሕክምናው ለ14 ቀን ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ነበር፤ ኦሜፕራዞሉ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። አፌ ብረት ብረት ይለኝ ነበር፤ ሆዴም ተረበሸ። ኦሜፕራዞልን ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መዋጥ ነው። «ጠዋትና ማታ» የሚለው ትእዛዝ ቀን ለሚተኛ ሰው ግራ ያጋባል፤ ፋርማሲስቷ ከእንቅልፌ ስነቃና ፈረቃ ልገባ ስል ብላ ሰዓቱን ጻፈችልኝ። ሻል ሲለኝ ማቋረጥ ቃጥቶኝ ነበር። የተቋረጠ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋልና ጨረስኩት።

መቼ እንደምሮጥ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «መጀመሪያ ደምህ ይመለስ» አለኝ። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ደም ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ ወደ ጨጓራና አንጀት የሚደርሰው ይቀንሳል፤ የሚድን ቁስል ደግሞ ደም ይፈልጋል። ደም ላነሰው ልብም ሩጫ ሸክም ነው። ቀስ ያለ እርምጃ ግን አልከለከለኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ በእግሬ፣ ሜዳ ለሜዳ። ሁለተኛው አሥራ አምስት። መለኪያዬ ሰዓት ሳይሆን ወሬ ነበር፤ እየተራመድኩ እናቴን እደውልላታለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትንፋሼ ከተቆረጠ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። በልቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ አልወጣም፤ በባዶ ሆድም አልወጣም። ሲት አፕና ፕላንክ የሚባሉትን የሆድ እንቅስቃሴዎች ተውኩ፤ ሆድን ስለሚጫኑ አሲዱን ወደ ላይ ይገፉብኝ ነበር። ለእናቴም ያን ሰሞን እየተራመድኩ ነው እውነቱን የነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ዛሬ ስንት ደቂቃ ሄድክ?» አለችኝ። በየቀኑ መጠየቅ ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት ሰገራዬ እንደገና ጠቆረ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ለደም ማነሱ የታዘዘልኝ የብረት ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል፤ ግን እንደ ሬንጅ አያጣብቀውም፣ ያንን ሽታም አያመጣም። ነርሷ ይህን ካስረዳችኝ በኋላ ጊዜ የማይሰጡትን ምልክቶች ዘርዝራ አስጻፈችኝ፦ የሚጣበቅ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ ድንገት እንደ ጩቤ የሚወጋና ሆድን እንደ እንጨት የሚያደርቅ ሕመም፣ ራስን መሳት። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። ወረቀቱ አሁንም ማቀዝቀዣዬ በር ላይ አለ።

ሥራ ላይ በሐኪም ወረቀት ለጊዜው ከማንሳት ወደ መቁጠር ተዛወርኩ። ስመለስ ትንፋሼን አፍኜ ማንሳት ተውኩ፤ ሳነሳ አስወጣለሁ።

በስምንተኛው ሳምንት ኢንዶስኮፒው ተደገመ። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ የትንፋሽ ምርመራ ቀረኝ። ለዚህ አንቲባዮቲክ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ሁለቱ ሳምንታት ከበዱኝ፤ መድኃኒቱ ሲቆም አሲዱ ለጊዜው ይበዛልና ቃሩ መጣ። ታገስኩት። ፈሳሽ ጠጥቼ ቱቦ ውስጥ ተነፈስኩ፤ ውጤቱ ነፃ ሆነ።

ሄሞግሎቢኔ 12.8 ሲደርስ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያልኩ ጀመርኩ። ጉልበቴን ግን ምን ላድርገው? ያለ ኪኒን እሮጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየኝ፤ የጭኔ ጡንቻ ደካማ ነበር፣ ጫማዬም ሶሉ አልቋል። ጭን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሰጠኝ፤ ጫማ ቀየርኩ። ሲብስብኝ በጨርቅ የጠቀለልኩት በረዶ አደርግበታለሁ፤ ግድ ሲሆን ፓራሲታሞል እወስዳለሁ፣ እሱም ጉበት እንዳይጎዳ በልኩ። ለልብ አስፕሪን የታዘዘለት ሰው የእኔን ታሪክ አንብቦ በራሱ እንዳያቆም አደራ፤ ያ የሐኪም ውሳኔ ነው።

ባለፈው ወር አምስቱን ኪሎ ሜትር በ36 ደቂቃ ጨረስኩ። በዚያው ሳምንት አንድ አዲስ የመጣ ልጅ፣ የአገሬ ልጅ ነው፣ እረፍት ላይ ጉልበቴን ስይዝ አይቶ ከኪሱ ማሸጊያ አወጣ። ሁለት ፍሬ ቀርቶታል። «አንዷን ዋጣት ጋሼ፣ እኔ በየሌሊቱ ነው የምወስዳት» አለኝ። ጨጓራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ኧረ ጨጓራማ አለብኝ» አለ። ያቃጥልህ እንደሆነ፣ ይቆርጥህ እንደሆነ፣ መቼ መቼ እንደሚነሳብህ ንገረኝ አልኩት። መለሰልኝ። ከዚያ ሌላውን ጥያቄ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አትፈር» አልኩት።

ከፈረቃ ስንወጣ አብረን ሄድን።