የአባላትን መዝገብ ከማዳበሪያ ስርጭት ጋር በአክሰስ ያያያዝኩበት መንገድ

እነዋሪ አካባቢ ያለ የስንዴ አምራቾች ማኅበር መዝገብ ሁለት የኤክሴል ፋይል ነበር፤ አንዱ የአባላት ዝርዝር፣ ሌላው የማዳበሪያ ስርጭት። በሁለቱም አባሉ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ወደ አክሰስ (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም) ሳዛውረው ዋናው ሥራ ስምን በቁጥር መተካት ሆነ።

በአማርኛ ስም መዝገብ ማያያዝ አደገኛ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ስም ነው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ግን ኃ፣ ሃ እና ሐ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ኤክሴል ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። በሌላ በኩል፣ በአንድ ቀበሌ ከነአባታቸው ስማቸው የሚገጥም ሁለት ሰዎች አይጠፉም፤ የአያት ስምና ጎጥ የግድ ነው።

ስለዚህ ከስሙ ጎን ረዳት ዓምድ ከፍቼ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለወጥኩ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱም መለወጥ አለባቸው፤ ሠ ተለውጦ ሣ ከቀረ ሣህሉና ሳህሉ አይገናኙም። ሃና ሀ፣ ኣና አም አንድ ይሁኑ። ዋናውን ስም አልነካሁም፤ ሰው ደረሰኙ ላይ ስሙን ራሱ በሚጽፍበት ፊደል ሊያገኘው ይገባል። በዚህም ያልተለዩትን ስሞች ከወረቀት ደረሰኝ ጋር አመሳከርኩ።

በአክሰስ ሦስት ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ አባላት፣ የማዳበሪያ ዓይነት፣ ስርጭት። አንድ አባል ኤንፒኤስም ዩሪያም ይወስዳል፣ ዩሪያውም ለብዙ አባል ይታደላል፤ ስለዚህ ስርጭት መሃል ሆኖ የሁለቱንም ቁጥር ይይዛል። መጠኑ በኪሎ ይግባ፤ አንዱ 2 ከረጢት፣ ሌላው 1 ኩንታል ብሎ ከጻፈ ሁለቱም 100 ኪሎ መሆኑ በድምር ላይ ይጠፋል።

የአባል ቁጥር በአባላት ውስጥ አውቶነምበር (አክሰስ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር) ከሆነ፣ በስርጭት ውስጥ ነምበር፣ የዓምዱ ፊልድ ሳይዝም ሎንግ ኢንቲጀር መሆን አለበት። ጽሑፍ ከሆነ ግንኙነቱ አይጸናም። ዲፎልት ቫሊዩ (ቀድሞ የሚሞላው ዋጋ) ላይ 0 ካለ አጥፉት፤ 0 ቁጥር ያለው አባል የለም። ሪኳየርድን የስ አድርጉ፤ ያለዚያ አክሰስ ባዶውን ቁጥር ዝም ብሎ ይቀበላል።

ከዚያ ሠንጠረዦቹን ዘግቼ፣ ዳታቤዝ ቱልስ፣ ሪሌሽንሽፕስ ገብቼ የአባል ቁጥርን ከአባላት ወደ ስርጭት ጎተትኩና በአባላት ውስጥ የሌለ ቁጥር ስርጭት ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ኢንፎርስ ሪፈረንሺያል ኢንተግሪቲ ላይ ምልክት አደረግሁ። እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ባለቤት የሌለው የስርጭት መስመር ነው፤ ፋይንድ አንማችድ ኩዌሪ ዊዛርድ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ምልክቱን ትቶ ማለፍ ግን ግንኙነቱን ሥዕል ብቻ ያደርገዋል።

ካስኬድ ዲሊትን በፍጹም አልነካም። እሱ ከተመረጠ አንድ አባል ሲሰረዝ የወሰደው ማዳበሪያ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል፣ የክምችት ሒሳቡም ይፋለሳል። ለወጣ ወይም ለሞተ አባል «የወጣ» የሚል የስ/ኖ ዓምድ አኖርኩ፤ የመመዝገቢያ ቅጹ ኮምቦ ቦክስ (የመምረጫ ዝርዝር) እነሱን አያሳይም፣ የቀሩትን ግን ከአያት ስምና ከጎጥ ጋር ይዘረዝራል።