ስፖርት ሊገለኝ ነው ያሉት እማማ

ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ሚታከምበት) ክፍል ነው ምሰራው፣ ሚመጡልን አብዛኞቹ እድሜያቸው ከ60 ያለፈ እናቶች ናቸው። አንዷ እማማ ቦርሳቸው ውስጥ የግፊት መለኪያ ይዘው ነበር ሚመጡት፣ ኮሪደሩን አንዴ ደርሰው እንደተመለሱ ገና እያለከለኩ ክንዳቸው ላይ ያስሩታል፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲያዩት "አላልኩሽም ልጄ፣ ይሄ ስፖርት ሊገለኝ ነው" ብለው ቁጭ! በቃ የዛን ቀን ማን ያስነሳቸዋል።

ሚገርመው ልባቸው በሀኪም ታይቶ መንቀሳቀስ ይችላሉ ተብለው ነው ወደኛ የተላኩት። ግን ልባቸው ድው ድው ካለች ጉድ ፈላ ነው፣ ደረጃ መውጣት ተዉ፣ እግራቸው ሰነፈ፣ እግር ሲሰንፍ ደግሞ ትንሿም መንገድ ልብ ታስመታለች፣ እሳቸው ይሄን ባሰብኝ ብለው ይብሱኑ ይቀመጣሉ።

ሲኒየራችን ማሽኑን አልቀማቻቸውም (እኔ ብሆን ሳልደብቀው አልቀርም ሃሃ)። "እማማ ጡንቻ ሲሰራ ደም ይፈልጋል፣ ልብም ትፈጥናለች ግፊትም ይጨምራል፣ ያለ ነው። ሚለካው ግን 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባዎን ደገፍ ብለው፣ ወሬም ሳያወሩ ነው" አለቻቸውና ክንዳቸውን ይዛ ስለ ልጅ ልጆቻቸው እየጠየቀች መራመድ ጀመረች። እሳቸውም ወሬው ይዟቸው ኮሪደሩን ሲመላለሱ ድንገት "እስቲ ዝፈኑልኝ" አለቻቸው፣ ሁለት ቃል እንዳሉ ትንፋሽ አጠራቸውና በሳቅ ፈነዱ። "ማውራት ችለው መዝፈን ካቃተዎት የእርምጃዎ ልኩ እሱ ነው" አለች።

ደረት ጨምድዶ ከያዘ፣ ካዞረ፣ ራስ ካሳተ ወይ ትንፋሹ አርፈውም አልመለስ ካለ ግን ማቆምና ቶሎ ሀኪም ጋ መሄድ እንዳለባቸው ለይታ ነገረቻቸው፣ ለኔ ይሄ ከመቶ "አይዞዎት" ይበልጣል። ከ65 በላይ ለሆነ ሰው ሚመከረው እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው ስትላቸው ደግሞ "ባንድ ቀን?!" ብለው ክው አሉ። በሳምንት ነው እማማ፣ እሱም እየተቆራረጠ፣ ላዩ ላይ ጡንቻና ሚዛን ሚያጠነክር ነገር ይጨመርበታል።

ከዛ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ የት ያምዎታል ብቻ አንልም፣ ሲንቀሳቀሱ ምን እሆናለሁ ብለው ነው ሚፈሩት ብለንም እንጠይቃለን። ባለፈው አንዷ እናት "ጉልበቴ ያልቃል" አሉን፣ የጉልበት መገጣጠሚያ እንደ ጎማ ሚበላ መስሏቸው ለካ ጭራሽ መራመድ ትተው ኖሯል፣ እሳቸውን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አስጀምረናቸዋል።