ከአሮጌው ኢምፔለር የጎደሉት ክንፎች

በጀልባ ሞተር ጥገና ከገጠሙኝ ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ምንም ጉዳት ሳይደርስ ያለፈ፣ በአገልግሎት ደብተሩ ላይም እንዳልነበረ ሆኖ የተጻፈ አንድ የቅድመ መከላከል ጥገና ነው።

የምሠራው በእስራኤል የሜዲትራኒያን ጠረፍ በሚገኝ አንድ ማሪና ውስጥ ባለ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ከሃይፋ እስከ አሽኬሎን በየማሪናው የሚቆሙት ባለ ሸራ ጀልባዎች አብዛኞቹ በሆዳቸው ውስጥ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ይዘዋል። ሸራ እያለ ሞተሩ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁኝ ወገኖች አሉ። በሞቃቱ ወቅት በዚህ ጠረፍ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ፣ ወደ ቆጵሮስ የሚያመራ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፤ ሌሊት ደግሞ ነፋሱ ጭራሹን ጸጥ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሃይፋ እስከ ላርናካ ያለው ርቀት ከ140 የባሕር ማይል ይበልጣል፤ በሰዓት አምስት ማይል ለሚጓዝ ጀልባ ይህ ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት በላይ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ብዙውን ሰዓት የሚሸከመው ያ ትንሽ ሞተር ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይበረታ በፊት ጀልባዎቹ ለዓመታዊ ጥገና ወደ እኛ ይመጣሉ።

በዚያን ጊዜ የጋራዡ የቴክኒክ ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የአገራችን ሰው ነበሩ። ሙያውን የተማሩት በምጽዋ፣ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው፤ ወደ እስራኤል የመጡት እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ሞተር ሲነሣ ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው የትኛው ኖዝል እንደሚያንጠባጥብ የሚናገሩ፣ እኔንም ካቻቢቴ ከመያዝ ጀምሮ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የምጽፈው ይህን ባለመዘንጋት ነው።

ጀልባዋ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ በሁለት ዙር ውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነበራት። ባለቤቱ በጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት ሲሆኑ፣ ወደ ላርናካ ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር። ሲያስረክቡን እንደነገሩን፣ ባለፈው ዓመት በጄሊፊሽ መንጋ ውስጥ ሲያልፉ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ጮኾ፣ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው፣ ማጣሪያውን አጽድተው በሸራ ተመልሰዋል። በዚህ ጠረፍ ለሚሠራ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከሕንድ ውቅያኖስ አካባቢ በስዊዝ ቦይ በኩል የገባው ያ ትልቅ ጄሊፊሽ መንጋው ሲበረታ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያ ሳይቀር ይደፍናል።

ጥገናውን ጋሼ ራሳቸው ሠሩት። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ተቀየረ፤ የናፍጣ ፊልትሮዎቹ ተቀይረው አየሩ ወጣ፤ ከውሃ መለያው ሥር የተጠራቀመው ውሃ ተፈሰሰ፤ የቫልቮላው ክፍተት ተለካ፤ ቺንጊያው ተወጠረ፤ የሞተሩን ብረት የባሕር ውሃ እንዳይበላው በምትኩ ራሱ እንዲበላ የሚገጠመው ዚንክ በአዲስ ተተካ፤ የባሕር ውሃ ፖምፓው ተከፍቶ ኢምፔለሩ ተቀየረ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ አንድም ብሎን ላልቶ አልቀረም።

እዚህ ላይ የውሃውን መንገድ ማስረዳት ይኖርብኛል። የባሕሩ ውሃ ከጀልባዋ ሥር ባለው ቫልቭ ይገባና በማጣሪያው አልፎ ወደ ፖምፓው ይደርሳል። በፖምፓው ውስጥ የሚሽከረከረው ኢምፔለር ከጎማ የተሠራ፣ ክንፎቹ እየታጠፉና እየተዘረጉ ውሃውን የሚገፉ ዕቃ ነው። ጎማውን የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ በመሆኑ፣ ውሃ ሲቋረጥበት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግሎ ክንፎቹ ከሥራቸው ይገነጠላሉ። ከፖምፓው የተገፋው ውሃ ወደ ሂት ኤክስቼንጀሩ ገብቶ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ባላቸው ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ በውጭ በኩል የሚዞረውን የሞተሩን ንጹሕ ውሃ ያቀዘቅዛል፤ በመጨረሻም ወደ ጭስ ማውጫው ተጨምሮ በማርሚታው በኩል ከጭሱ ጋር ወደ ባሕር ይተፋል። እንግዲህ ከፖምፓው የተገነጠለ ቁራጭ ጎማ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠባብ በር የእነዚያ ቱቦዎች አፍ ነው።

ሞተሩ ተነሥቶ ውሃው ከኋላ መውጣት ሲጀምር፣ አዛውንቱ እጃቸውን በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ ጎንበስ ብለው የውሃውን አወጣጥ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ከአምናው ይሻላል፤ የካቻምናውን ያህል ግን አይደለም» አሉ። ጋሼም፣ «አዲስ ጎማ ነው፤ ሲለማመድ ይስተካከላል» ብለው መለሱላቸው።

ይህ መልስ አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም ኢምፔለር ከአዲስነቱ ቀን የተሻለ የሚገፋበት ሌላ ቀን የለውም። ወደ ቆሻሻው ባልዲ ሄጄ አሮጌውን አንሥቼ አየሁት፤ ስድስት ክንፍ የነበረው ጎማ ላይ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። ባለቤቱ ፊት ጋሼን እንዳላሳፍራቸው ብዬ በአማርኛ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከአሮጌው የጎደሉትን ሁለት ክንፎች አግኝተዋቸዋል?»

«ይኼኔ ከጭሱ ጋር ወጥተው ባሕር ገብተዋል። ውሃው ሲወጣ እያየህ አይደለም እንዴ?»

«ለመውጣት በሂት ኤክስቼንጀሩ ማለፍ አለባቸው፤ በዚያ ቱቦ ደግሞ አያልፉም።»

«ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም።»

የተናገሩት እውነት ነበር። ከባሕር ኃይል ሞተሮች ጋር ያሳለፉት ዘመን እኔ ከኖርኩት ዕድሜ ይበልጣል፤ በዚያ ዘመን ያዩዋቸው ትልልቅ ሞተሮች ቱቧቸው ሰፊ ስለነበረ፣ ቁራጭ ጎማ አልፎ ሲሄድ አይተውም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ስለ ዕድሜም ስለ ልምድም አልነበረም፤ ሁለት ቁራጭ ጎማ የት እንዳለ ነበር። ይህን ከማክበር ጋር እንዴት እንደምናገረው ሳስብ ጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም ማለቱ ወግ ነው፤ ያ ወግ ግን የሰው ሕይወት በተሸከመ ሞተር ላይ ሲደርስ ልክ አለው ብዬ አምናለሁ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው እዚሁ እንደታሰረች በጭነት እንየው። ሙቀቱ ከተረጋጋ ዳግመኛ አላነሣውም።»

እምቢ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ይህን ለእርሳቸው መመስከር ይገባኛል።

በጭነት ማየት ያስፈለገው፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ ግማሹ የተደፈነ ሂት ኤክስቼንጀርም ስለሚበቃው ነው። መርከበኛው ግን ወደ ቆጵሮስ የሚሄደው በሚኒሞ አይደለም። በማሪና ውስጥ ሞተርን አስነሥቶ፣ ውሃ መውጣቱን አይቶ፣ «ደህና ነው» ማለት ስለ ማቀዝቀዣው አቅም የሚናገረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጀልባዋን በተጨማሪ ገመድ አጠንክረን አሰርናት፤ ማርሽ አስገብተን በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር አወጣናት። የሙቀት ጌጁ መጀመሪያ 80 ዲግሪ አካባቢ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 90ን አለፈ፤ ከኋላ በሚወጣው ጭስ ላይም ነጭ እንፋሎት ታየ። የነዳጁን ማንሻ ለመመለስ እጄን ስዘረጋ የጋሼ እጅ ቀድሞኝ እዚያ ደርሶ ነበር።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የባሕሩን ቫልቭ ዘግቼ የሂት ኤክስቼንጀሩን የጎን ክዳን ፈታሁ። ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ መብራት አስጠግቼ አየሁ፤ ሁለቱ ክንፎች በውሃው ግፊት ተጣብቀው የቱቦዎቹን አፍ ሸፍነው ተኝተዋል። በዙሪያቸው የረገፈ የዚንክ ፍርፋሪና ጨው ተጋግሮ፣ ያልተሸፈኑትንም ቱቦዎች እየዘጋ ነበር። በቀጭን ፒንሳ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሁለቱን ካወጣሁ በኋላ ግን ከሥራቸው ሦስተኛ ቁራጭ ተገኘ።

ጋሼ ቁርጥራጮቹን ከእጄ ተቀብለው፣ አሮጌውን ኢምፔለር ከባልዲው አስመጥተው፣ በተገነጠለበት ቦታ ላይ ገጠሙ። ሁለቱ በልካቸው ገቡ። ሦስተኛው ግን ደርቆ የጠነከረ፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ፣ ውፍረቱም የተለየ ስለነበር ከዚያ ኢምፔለር የወጣ አልነበረም። ቀደም ባለ ዓመት፣ ማን እንደሆነ በማናውቀው ባለሙያ ከተቀየረ ሌላ ኢምፔለር የተረፈ ነው። ያም ሰው ጎዶሎውን አውጥቶ፣ አዲሱን ገጥሞ፣ ክዳኑን ዘግቶ ሄዷል ማለት ነው። ጋሼ ቁራጩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ይዘው ጥቂት አገላበጡት፤ ምንም አልተናገሩም።

ቱቦዎቹን በቀጭን የእንጨት ዘንግ አጸዳን፤ ጓርኒሲዮኑን ቀይረን ዘጋን፤ በዚያው ዙር እንደገና ስናስኬደው ጌጁ 80 ላይ ቆሞ ቀረ። አዛውንቱ እንደገና ጎንበስ ብለው አዩና «አሁን ነው» አሉ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ማታ የአገልግሎት ደብተሩን ሳነብ፣ በጋሼ ጽሕፈት፣ «ኢምፔለር ተቀይሯል፤ በደንበኛው ጥያቄ ሂት ኤክስቼንጀር ጸድቷል» የሚል አገኘሁ። ስለ ጎደሉት ክንፎች፣ ስለ ሦስተኛው ቁራጭ፣ በጭነት ስለተወሰደው ሙቀት አንድም ቃል አልነበረም። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ሞተሩ ድኗል አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ደብተር ላይ የሚጻፈው ሥራ ነው እንጂ ክርክር አይደለም።»

ከሁሉም በላይ የቆረቆረኝ ይህ ነው። እኔ እንዲጻፍ የፈለግሁት ማን ልክ እንደነበረ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ያ ያልታወቀ ባለሙያ «አንድ ክንፍ ጎድሏል፤ አልተገኘም» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ያን ክዳን ይከፍተው ነበር። ሰው ቁራጭ ጎማ ማጣቱ ነውር የለበትም፤ ጎማ ይበጣጠሳል። እንደጠፋ ሳይጽፉ መዝጋት ግን ችግሩን ለማያውቀው ሰው፣ ምናልባትም በሌሊት ከየብስ ርቆ ላለ ሰው፣ ማስተላለፍ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሞተሩ ሲግል የሚከተለው ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ያነሰው የጭስ ማውጫ የጎማ ቱቦ ይቃጠላል፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ቴስታታ ይጣመማል።

እኔ በሰዓት ቆጣሪ የሚመራ ጥገናን አጥብቄ ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ዘይቱ በየ100 ሰዓቱ ወይም ሰዓቱ ባይሞላም በዓመት አንዴ፣ ኢምፔለሩ በየዓመቱ፣ ዚንኩ ግማሹ ሳይበላ በፊት ይቀየር እላለሁ፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ሁሉም በሰዓቱ ተቀይሮ፣ ሁሉም ምልክት ተደርጎበት ነበር። ጉድለቱን ያሳየን ዝርዝሩ ሳይሆን፣ የጥገና መጽሐፉን ከፍተው የማያውቁት አዛውንት ሞተራቸውን ባስነሡ ቁጥር ከኋላ ጎንበስ ብለው ውሃውን የማየት ልማዳቸው ነው። ይህ ከማምንበት ጋር እንዴት እንደሚገጥም እስካሁን አሟልቼ አልመለስኩም፤ ዝርዝሩ ላይ «ባለቤቱን ጠይቅ» የሚል መስመር መጨመር ይቻላል፤ የሚጠየቀው ሰው ግን አስቀድሞ የሚያይ ሰው መሆን አለበት።

ከዚያ ወዲህ ኢምፔለር ስቀይር የወጣውን ክንፍ እቆጥራለሁ፤ የጎደለ ካለ ሂት ኤክስቼንጀሩን ሳልከፍት አልዘጋም። የተገኘውንና ያልተገኘውን በካርድ ላይ ጽፌ፣ ካርዱን ከሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ እለጥፋለሁ፤ አሮጌውን ኢምፔለር ከነቁርጥራጩ በላስቲክ አድርጌ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ጋሼ አሁን በጡረታ ላይ ናቸው። በዓል ሲሆን ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ስለ ሞተር ብዙ እንጫወታለን፤ ስለዚያች ጀልባ ግን አንሥተን አናውቅም። በጋራዡ የዋጋ ዝርዝር ላይ ኢምፔለር መቀየር እስከ ዛሬ ሂት ኤክስቼንጀር መክፈትን አይጨምርም፤ ለዚያ የሚጠፋውን ሰዓት ደንበኛው አይከፍልም፣ ባለ ጋራዡም አይቆጥረውም። በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።