የክርስትና ስሟን የጠየቁኝ እናት

ባለቤቴ ያረፈችው በ2010 ክረምት ነው። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አርባዋ ከወጣ በኋላ ግን ስሟን የሚጠራ ጠፋ። አዝነውልኝ እንደሆነ ይገባኛል። እሷን ካነሱብኝ የሚብስብኝ ይመስላቸዋል። ወሬ ይቀይራሉ፣ «በርታ» ይሉኛል፣ ይሄዳሉ። ስሟ በማይጠራበት ቤት ማደር ግን በጣም ከበደኝ።

ላሊበላን በእግሯ ሄዳ ልትሳለም ተስላ ነበር። ሕመሙ ቀደማት። ለ2011 ገና እኔ ላደርስላት ተነሳሁ። ነርስ ስለሆንኩ ከበሶውና ከቆሎው ጋር ፋሻ፣ አልኮል፣ ቫዝሊንና መርፌ ያዝኩ። ከደብረ ታቦር ተነስቼ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በደብረ ዘቢጥ አድርጌ ወደ ጋሸና አቀናሁ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ተሳላሚ እየተቀላቀለ መንገዱ ነጭ በነጭ ይሆናል። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው፤ አብዛኛው ሰው ቀን ምንም ሳይቀምስ ይጓዛል። የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ አይጣል ነው።

አንድ ማታ ያደርንበት ግቢ ውስጥ ከጎጃም የመጡ እናት ነበሩ። በባዶ እግራቸው ነው የመጡት። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ይደማል። ውኃ አሙቄ አጠብኳቸው፣ ቫዝሊን ቀባሁና በፋሻ አሰርኩላቸው። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «የማንን ስለት ይዘህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«የክርስትና ስሟስ ማን ነው?»

እሱንም ነገርኳቸው። ሌሊት ሲጸልዩ ሰማኋቸው። የሟቾቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ «ማርልኝ» ይላሉ። እናታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን ጠሩ። ከዚያ የኔዋን። ጋቢዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። ከቀብሯ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እሳቸው ሰምተዋል፤ ግን አላባበሉኝም። ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ እግር ሳስር እኔም መጠየቅ ጀመርኩ። ያልሞተበት ሰው የለም። አንዷ ወጣት የልጇን ስም ስትነግረኝ እግሯን ረስታው ስለ ልጇ አመሸች። ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር አወራችኝ። እኔም ስለ ባለቤቴ ሳቅ አወራኋት። ስሞቹን በደብተር ጻፍኳቸው፤ ላሊበላ ስደርስ ለአንድ ካህን ሰጥቼ በጸሎት እንዲያስቧቸው ለመንኩ።

ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። እግር የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ከተማው ስንገባ ወጣቶች ውኃ ይዘው ተቀበሉን። የእንግዳ እግር ማጠብ የቆየ ወግ ነው። ያን ሁሉ ቀን የሰው እግር ሳጥብ ከርሜ የኔን አንድ ልጅ ሲያጥብልኝ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ ቤተ ማርያም ነበርኩ። ካህናቱ ገሚሶቹ ከላይ ዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። እናቲቱ አጠገቤ ነበሩ። እጄን ይዘው የባለቤቴን ስም ጮክ ብለው ጠሩት።

ሐዘኑ አለቀ ወይ ካላችሁኝ፣ አላለቀም። ቤት ውስጥ ግን ስሟን መጥራት ጀምሬያለሁ፤ ዘመዶቼም ለመዱት።

መንገዱ ሰላም ሲሆን እንደገና እሄዳለሁ። በእግር ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ለመንገድ ብላችሁ አዲስ ጫማ አትግዙ፤ እግራችሁ የለመደውን አድርጉ። ትርፍ ካልሲ ያዙ። እግራችሁ ውኃ ከቋጠረ ቆዳውን አትላጡት፤ ታጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ነርሶችና ሐኪሞች ደግሞ ፋሻ አብዝታችሁ ያዙ። የኔ ገና ጋሸና ሳልደርስ ነው ያለቀው።