ቤዝ በሜትር

እኛ አገር ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ አብረኸው ከሄድክ ኮሚሽን በልተሃል ማለት ነው። ስልክም ይሁን፣ በግም ይሁን፣ ጊታርም ይሁን ለውጥ የለውም። ይህን ድሮም አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ቀን የተባልኩት እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ልጁ ኮምቦልቻ ሰርግና ሆቴል ላይ የሚሠራ ቤዚስት፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። የባንዱን ቤዝ ሲጫወት ቆይቶ የራሱን ፈለገ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ቤዝ እንዳለ ሰምቶ ሐረጎን ወጥቶ መጣ። ክራርና ጊታር እንደምጠግን ስለሚያውቅ «ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንሂድና ይዩልኝ» አለኝ። ሄድን።

ቤዙ ሲያዩት ያምራል። ኔኩ፣ አንገቱ ማለት ነው፣ ቀጥ ያለ፤ ፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ የተሰኩት የብረት ዘንጎች፣ ያልተበሉ። ልጁ አንዴ ካቀፈው በኋላ ማስቀመጥ አቃተው። ባለሱቁ «አሜሪካ የነበረ ነው፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ደሴ ውስጥ አታገኝም» ይላል። ልጁ ታች ታች ፍሬቶች ላይ ትዝታ መታ መታ አደረገ፤ ጥሩ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጆሮዬ እምቢ አለ። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን፣ ክሩን ሳይጫን ነካ ብቻ አድርጎ የሚያወጣውን ድምፅ፣ አስመታሁት፤ ቀጥሎ እዚያው ላይ ተጭኖ እንዲመታ አደረግኩ። ሁለቱ መግጠም ነበረባቸው። የተጫነው ከፍ ብሎ ይጮኻል። ሜትር ከኪሴ አይጠፋም፤ አወጣሁ።

የአብዛኛው ቤዝ ክር፣ ኔኩ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት ከነቱ፣ አካሉ ላይ እስከሚያርፍበት እስከ ብሪጁ 34 ኢንች፣ 86.4 ሴንቲ ገደማ ነው። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ካወጣ ጀምሮ የተለመደ ልክ ነው። አስራ ሁለተኛው ፍሬት መሃል ላይ ይውላል። ከነቱ እስከ እሱ ለካሁ፤ 43.2 ሴንቲ፣ ልክ ነው። ከእሱ እስከ ብሪጁ ያንኑ ያህል፣ እንዲያውም ትንሽ ዘለግ ማለት ሲገባው 41.7 መጣ። ሳድሎቹ፣ ብሪጁ ላይ ክሩን ተሸክመው ርዝመቱን የሚያስተካክሉት፣ ወደ ኋላ እንዳይገፉ ደግሞ ጥግ ደርሰዋል። ከብሪጁ ጀርባ በጣቴ ስዳስስ ቀለሙ ሥር የተደፈነ ቀዳዳ አገኘሁ። ስቱኮ። ሌላ ብሪጅ ገጥመውለት፣ ቦታውን በዓይን ገምተዋል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ባለሱቁ። «ቤዝ በሜትር ይገዛል እንዴ? ጨርቅ መሰለህ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዷ ጥሩ ናት። ሳስረዳው ደግሞ «ቤዝ የሚመታ ሰው ከአምስተኛ ፍሬት በላይ ምን ሊያደርግ ይወጣል?» አለኝ።

በክራር ቢሆን እውነቱን ነበር። ክራር ፍሬት የለውም፤ ባቲም ሆነ አምባሰል በጆሮህ ትቃኘዋለህ። ማሲንቆም ላይ ጣት ቦታውን ራሱ ይፈልጋል። ፍሬት አንዴ ከተመታ ግን ወዲያ ወዲህ አይልም። 1.5 ሴንቲ ስትጎድል አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የግማሽ ድምፅ፣ ከአንዱ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው ማለት ነው፣ ሲሶ ያህል ትስታለህ። አምስተኛው ላይ ስህተቱ አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ሰውየው ሳያውቀው ግማሽ እውነት ተናግሯል።

ከዚያ ክርኔን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ወንድሜ፣ ስንት ፈልገህ ነው?»

አልገባኝም። «የምኑን ስንት?»

«ለልጁ ከመንገርህ በፊት ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበር? ድርሻህን አላውቅልህም?»

ፊቴ ጋለ። ቤዙ የተበላሸ መሆኑን ደግሜ ልነግረው ስጀምር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አብሽር፣ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ። ቃሉን እንኳ እችለዋለሁ። የትከሻዋን ነገር ግን አልቻልኩም። ሜትሩን የዋጋ መደራደሪያ አድርጎ ነው ያየው። ሃያ ሰው ፊት ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ልጁ ድርድር ጀምሯል። በምን? በኔ 1.5 ሴንቲ! «ጉድለት አለበት ተብሏል» እያለ ያስቀንሳል፤ ባለሱቁም እኔን በጎን እያየ ይቀንሳል። ተው አልኩት። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጣት አትሞላም» ብሎ ገዛው።

ሰርጉ ላይም ምንም አልሆነም። እስክስታ የሚመታ ሰው የግማሽ ድምፅ አስረኛ አይቆጥርም። ኋላ አንድ ድምፃዊ የዘፈኑን ኪ ከፍ ሲያስደርግ ልጁ ወደ ላይ ወጣ፤ ኪቦርዲስቱ ዞሮ በዓይኑ ገደለው። ያኔ ቤዙ እኔ ዘንድ መጣ።

ብሪጁን ስፈታ ከሥሩ የምትወጣው የኧርዝ ሽቦም ተቆርጣለች፤ ለካ ሲያጉረመርም የነበረው በሷ ነው። ስቱኮውን በድሪል ጠራርጌ አወጣሁ። አራቱ የቤዝ ክሮች አንድ ላይ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ስቱኮ ብሎን አይዝላቸውም። ወይራ እንጨት በልኩ ጠርቤ በኮላ መታሁበት፣ አሳደርኩት፣ በሜትር ለክቼ እንደገና በሳሁ። ክሩን ወጥሬ አስራ ሁለተኛው ላይ ስመታ ሁለቱ ድምፆች ተገናኙ። ልጁ ላይኛው ፍሬት ላይ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ መታው። ደስ አለው።

ባለሱቁ አሁን ሰው ይልክልኛል። «እዚያ ሂድና አስለካው» ይላል አሉ። ከላካቸው ውስጥ «የሱን ድርሻ ጨምረህ ነው ወይስ ሳትጨምር?» ብሎ የጠየቀኝም አለ።

ልጁ ሊከፍለኝ ሲል ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ያኔ ከሰውየው ስንት ደረስዎት?»

«ምንም!» አልኩት። ጮክ ሳልል አልቀረሁም።

«ኧረ አብሽር፣ እኔ እኮ አልተቀየምኩም» አለኝ። ከሂሳቡ ላይ ግን ቀነሰ።